ኪው ፋይል ምንድን ነው? ረጅም ቀረጻን ሳይነኩ ዘፈን በዘፈን መከፋፈል

ጎንደር ላይ የቆየ ካሴት ያለበት ቤት አሁንም ብዙ ነው። ከሙዚቃ ቤት የተገዛውን አይደለም የምለው። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የአዝማሪ ቤት ምሽት፣ አንድ ሰው ቴፑን ጥግ አስቀምጦ ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ የቀዳውን ነው። እንዲህ ያለው ካሴት ሌላ ቅጂ የለውም። ክሩ ከተበጠሰ አለቀ። የቤተሰባቸውን ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡ ወጣቶች አሉ፤ ደግ አደረጉ።

ገልብጠው ሲጨርሱ ግን እጃቸው ላይ የሚቀረው አንድ ረጅም ፋይል ነው። የ90 ደቂቃ ካሴት አንዱ ጎን 45 ደቂቃ ይይዛል። አክስታችሁ ደውለው «ያቺን የጨፈርኩባትን ዘፈን ላክልኝ» ሲሉ 45 ደቂቃ ሙሉ አይላክላቸውም። መቆራረጥ የግድ ነው።

ብዙ ሰው ወዲያው መቁረጥ ይጀምራል። ፋይሉን በድምፅ ማረሚያ ይከፍታል፣ ይቆርጣል፣ በኤምፒስሪ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ቦታ ያዘብኝ ብሎ ዋናውን ያጠፋል። እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። ድምፁን አትንኩት። የመቁረጫውን ቦታ ለብቻው ጻፉት። የሚጻፈው ኪው ፋይል ላይ ነው።

ኪው ፋይል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ውስጡ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። በኖትፓድ ይከፈታል፣ በኖትፓድ ይታረማል። ክብደቱ ቢበዛ ጥቂት ኪሎባይት ነው። የሚለውም ይህን ብቻ ነው፦ በዚያ ረጅም ፋይል ውስጥ አንደኛው ዘፈን እዚህ ይጀምራል፣ ስሙ ይህ ነው፣ የዘፈነው እገሌ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እዚህ ይጀምራል። የሚያልቅበትን መጻፍ አያስፈልግም። ቀጣዩ ሲጀምር የቀደመው አለቀ ማለት ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከሲዲ ነው። የሙዚቃ ሲዲ ላይ ዘፈኖቹ እንደ ፋይል ተለያይተው አልተቀመጡም። ድምፁ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው፤ የትኛው ዘፈን የት እንደሚጀምር የሚናገር ማውጫ መግቢያው ላይ አለ። ደንቡን ፊሊፕስና ሶኒ በ1980 እ.ኤ.አ. አወጡት፣ ሲዲው በ1982 ገበያ ላይ ዋለ። በኋላ ሰው በቤቱ ኮምፒውተር ሲዲ መጻፍ ሲጀምር፣ ሲዲአርዊን የሚባል ፕሮግራም ያንን ማውጫ በጽሑፍ ፋይል መልክ አስቀመጠው። አጻጻፉን ሌሎች ፕሮግራሞችም ወሰዱት፤ እስካሁንም የምንጠቀመው እሱን ነው።

እስቲ አንዱን ከፍተን እንየው። ቃላቱ ፋይሉ ውስጥ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ እዚህ በእኛው ፊደል ልጥራቸው። ላይኛው መስመር «ፋይል» ይላል፤ ከጎኑ የረጅሙ ፋይል ስም በትምህርተ ጥቅስ ይገባል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዘፈን «ትራክ» ከነተራ ቁጥሩ። ከሥሩ «ታይትል» ብሎ የዘፈኑ ስም፣ «ፐርፎርመር» ብሎ የዘፋኙ ስም፣ በመጨረሻ «ኢንዴክስ 01» ብሎ የሚጀምርበት ሰዓት። እስከ 99 ትራክ ይይዛል። ለአንድ የካሴት ጎን ከበቂ በላይ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። 18:42:37 ተብሎ ሲጻፍ 18 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ መሆኑ ግልጽ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 37 ግን የሰከንድ መቶኛ አይደለም፤ ፍሬም ነው። አንድ ሰከንድ 75 ፍሬም አለው። ይህም የሲዲ ውርስ ነው። ሲዲ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 44,100 የድምፅ ናሙና (የድምፁ ቅጽበታዊ ልክ) ይይዛል፤ ለ75 ሲካፈል እያንዳንዱ ፍሬም 588 ናሙና ይደርሰዋል። ስለዚህ 37 ፍሬም ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። የፍሬም ቁጥር ከ00 እስከ 74 ብቻ ይሄዳል፤ 80 ብሎ ነገር የለም። ማጫወቻችሁ 18:42 ከ0.80 ካሳያችሁ 0.80ን በ75 አባዙት፤ 60 ይመጣል፤ የሚጻፈው 18:42:60 ነው።

ከኢንዴክስ 01 በፊት ደግሞ «ኢንዴክስ 00» የምትባል አለች። ብዙዎች አይጠቀሙባትም። ለሠርግ ካሴት ግን ወርቅ ናት። ሠርግ ላይ ዘፈን ዝም ብሎ አይጀመርም። አንዱ ሽማግሌ ይመርቃሉ፣ አንዱ «እስቲ ዝም በሉ፣ እንስማ!» ይላል፣ ማሲንቆው ይቃኛል። ይህን ቆርጦ መጣል ያሳዝናል፤ ብዙ ጊዜ የሟች አያት ድምፅ ያለው እዚያው ምርቃቱ ውስጥ ነው። በዘፈኑ ራስ ላይ ቢለጠፍ ደግሞ ዘፈኑን ብቻ ለሚፈልግ ሰው አይመችም። ኢንዴክስ 00ን ምርቃቱ የሚጀምርበት ላይ፣ ኢንዴክስ 01ን ዘፈኑ የሚነሳበት ላይ አድርጉ። ኪው በደንብ የሚያነብ ማጫወቻ፣ ዘፈኑን ስትመርጡ ቀጥታ ዘፈኑ ላይ ይገባል። ካሴቱን ከላይ ጀምሮ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ምርቃቱ በቦታው ይሰማል።

«ቦታውን ፕሮግራሙ ራሱ አይፈልግልኝም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይፈልጋል። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው የድምፅና የቪዲዮ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ውስጥ ፀጥታ ፈላጊ ማጣሪያ አለ። ድምፁ ከዚህ መጠን በታች ለ2 ሰከንድ ከወረደ ንገረኝ ትሉታላችሁ፤ ቦታውን ዘርዝሮ ያወጣል። በዘፈኖቹ መካከል ባዶ ቦታ ላለው የስቱዲዮ አልበም ሸጋ ሥራ ይሠራል።

ለአዝማሪ ግን አይሆንም። አዝማሪ ሲጫወት ዝም የሚባል ነገር የለም። አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ያቀብላል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፋል፣ ቤቱ በእልልታ ይናጋል፣ ማሲንቆው ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው ሳያርፍ ይሻገራል። የጥምቀት ቀረጻም እንዲሁ ነው። ታቦቱ ከፋሲል መዋኛ ሲመለስ ከበሮውና ሆታው አያቋርጥም። እዚህ ላይ ጆሮ ነው የሚያዋጣው። ምቱ የሚለወጥበትን ወይም ቅኝቱ የሚቀየርበትን ቦታ በጆሯችሁ ፈልጉ፣ ሰዓቱን መዝግቡ። ከተቻለ ሠርጉ ላይ የነበረ ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ። «ይቺማ እገሌ ያወረዳት ናት» የሚለው እሱ ነው፤ የሰማችሁትን ስም እዚያው ታይትሉ ላይ ጻፉት።

ብትሳሳቱ ምን ይሆናል? ምንም። ቁጥሩን ታርማላችሁ፣ እንደገና ትቆርጣላችሁ። ዋናው ፋይል አልተነካም። ለእኔ የኪው ፋይል ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

አሁን ወደ መቁረጡ እንምጣ። በኮማንድ ላይን፣ ማለትም በማውዝ ሳይሆን ትዕዛዝ በጽሑፍ እየሰጡ፣ የሚሠራበት ምክንያት አለ። አንድ ካሴት ብቻ ከሆነ በየትኛውም ፕሮግራም ይሠራል። ካሴቱ አንድ ካርቶን ሙሉ ሲሆን ግን በማውዝ እየነካኩ መዋል ያሰለቻል፣ ሲሰለች ደግሞ ስህተት ይመጣል። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ትዕዛዙን አንዴ በትክክል ከጻፋችሁ፣ ለሚቀጥለው ካሴት የፋይሉን ስም ብቻ መቀየር ነው። አቅሙ የደከመ ላፕቶፕም አይከብደውም። መሣሪያዎቹ በነፃ ይገኛሉ፤ ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ በአንድ መስመር ይጫናሉ።

መቁረጫው ኤስኤችኤንስፕሊት ይባላል፤ ኤስኤችኤንቱል የሚባለው ጥቅል አካል ነው። የምትሰጡት ኪው ፋይሉን፣ ረጅሙን ፋይልና በምን ዓይነት ፋይል እንደሚያወጣ ነው። ትዕዛዙ ላይ ከጠየቃችሁት የተቆራረጡትን በየተራ ቁጥራቸውና በየስማቸው ያስቀምጣል። የተቆረጠው ዘፈን ግን ውስጡ የዘፈን ስምና የዘፋኝ ስም አይገባለትም። ለዚያ ኪውታግ የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ፤ ያንኑ ኪው ፋይል አንብቦ ስሞቹን በየዘፈኑ ላይ ይጽፋል። ኤፍኤፍኤምፔግም ይቆርጣል፤ ግን ብቻውን ኪው ፋይል አያነብም። መጀመሪያውንና መጨረሻውን ለእያንዳንዱ ዘፈን መንገር ይኖርባችኋል።

ኤስኤችኤንስፕሊት አንድ ጠባይ አለው። በፍሬም የተጻፈን ሰዓት የሚቀበለው ድምፁ የሲዲ ጥራት ያለው ከሆነ ብቻ ነው፤ ማለትም 44,100 ናሙና፣ 16 ቢት፣ ስቴሪዮ። ካሴቱን በ48,000 ወይም በሞኖ ከቀዳችሁት «አልቆርጥም» ይላችኋል። ስለዚህ ከመገልበጣችሁ በፊት የመቅጃ ፕሮግራሙን ማስተካከያ ተመልከቱ።

በምን ዓይነት ፋይል ይቀመጥ? በሲዲ ጥራት ያልተጨመቀ 45 ደቂቃ 476 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ፍላክ የሚባለው፣ ድምፅ ሳይጥል የሚጨምቅ የፋይል ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሹ ግድም ያወርደዋል፤ ሲከፈት እያንዳንዱ ናሙና እንደነበረ ይመለሳል። ኤምፒስሪ በ128 ኪሎቢት 43 ሜጋባይት ገደማ ያደርገዋል፤ ያን ያህል የሚያንሰው ግን ጆሮ ብዙም አይለየውም ያለውን ድምፅ ስለሚጥል ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ኤምፒስሪን መልሶ ፍላክ ማድረግ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ የተጣለውን አይመልስም። ስለዚህ ዋናው በፍላክ ይቀመጥ፣ ኤምፒስሪው ለአክስት ስልክና ለፍላሽ በመጨረሻ ይውጣ።

ከእጃችሁ ያለው ኤምፒስሪ ብቻ ከሆነስ? ኤምፒስሪስፕሊት የሚባለው መሣሪያ ኪው ፋይል ያነባል፣ ድምፁንም እንደገና ሳይጨምቅ ይቆርጣል። ኤምፒስሪ የተሠራው 1,152 ናሙና ከያዙ ቁርጥራጮች ስለሆነ፣ ቁርጡ የጻፋችሁት ሰዓት ላይ በትክክል ላያርፍ ይችላል። ልዩነቱ ሚሊሰከንዶች ነው፤ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ወደ ኤምፒስሪ ሲጨመቅ በዘፈኑ ራስና ጭራ ላይ ትንሽ ባዶ ድምፅ ይጨመራል። ብዙ ማጫወቻዎች ይህን ሳይዘሉ ያጫውቱታል። ያልተቋረጠ የአዝማሪ ጨዋታ በኤምፒስሪ ስትሰሙ ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲያልፍ እክ የሚልባችሁ ለዚህ ነው። ፍላክ ላይ ይህ የለም።

የመጨረሻው ጉዳይ ፊደላችን ነው። የዘፈን ስም በአማርኛ ለመጻፍ ኪው ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 (የብዙ ቋንቋ ፊደላትን በሚይዝ የኮምፒውተር አጻጻፍ) መቀመጥ አለበት፤ ካልሆነ በጥያቄ ምልክት ይሞላል። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሊኑክስ ላይ የተለመደው የፋይል ስም ወሰን 255 ባይት ስለሆነ፣ ከ85 ፊደል ያለፈ ስም አይቀበልም። የሠርግ ካሴት ላይ «የእገሊትና የእገሌ ሠርግ፣ ሙሽራው ሲገባ» እያልን ስለምንጽፍ፣ ከዘፋኙ ስም ጋር ሲደመር ወሰኑ ቅርብ ነው። በተጨማሪ ፒያሳ የምትሳፈሩበት ባጃጅ ላይ ያለው ርካሽ ማጫወቻ ግዕዝ ላያውቅ ይችላል፤ አራት ማዕዘን ብቻ ይደረድራል። እኔ የማደርገው የፋይሉን ስም ባለሁለት አኃዝ ቁጥርና አጭር የላቲን ስም ማድረግ፣ ሙሉውን የአማርኛ ስም ደግሞ ታይትሉ ውስጥ መጻፍ ነው። ስልክ ላይ አማርኛው ይነበባል፣ ባጃጁ ላይም ተራው ሳይዛባ ይጫወታል።