ሆርሞንና ኢንፌክሽን በመገጣጠሚያ ቅየራ፦ ከሐዋሳ ሲታይ

የመገጣጠሚያ ቅየራ ያለቀ ወይም ተሰብሮ ሳይጠገን የቀረ የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ወጥቶ፣ በምትኩ ከብረትና ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ መገጣጠሚያ የሚተከልበት ቀዶ ሕክምና ነው። ሰው በአጭሩ «ብረት ገባላት» ይላል። ለዓመታት በምርኩዝ ሲያነክስ የኖረን ሰው ቀጥ ብሎ ያስኬዳል፣ ሌሊቱንም ያለ ሕመም ያስተኛዋል። ትልቁ ፍርሃት ኢንፌክሽን ነው። የኢንፌክሽኑን ዕድል ደግሞ ከክፍሉ ንጽሕና ባሻገር በታካሚው ደም ውስጥ ያሉት ሆርሞኖች መጠንም ይወስነዋል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዘመናዊውን የዳሌ ቅየራ ሲያስፋፉ ቁስሉ የሚያመረቅዝባቸው ታካሚዎች ብዙ ነበሩ። የክፍሉን አየር በማጣራትና የቀዶ ሕክምና ልብሱን በማሻሻል ቁጥሩን ወደ 1 በመቶ ገደማ አወረዱት። ዛሬም በበለጸጉት አገሮች ከ100 ታካሚ አንዱ ወይም ሁለቱ ይያዛሉ። በጤናማ ሥጋ ላይ መግል ለመቋጠር ስታፊሎኮከስ የተባለው የቆዳ ባክቴሪያ በሚሊዮን መቆጠር አለበት፤ ባዕድ ነገር ካገኘ ግን በመቶ የሚቆጠር ይበቃዋል። ብረቱ ላይ ከተለጠፈ በኋላ በውሃ ጋን ግድግዳ ላይ እንደሚይዘው ዓይነት የሚያዳልጥ ሽፋን ሠርቶ ይደበቃል፤ ያኔ መድኃኒትም ነጭ የደም ሕዋስም በቀላሉ አያገኘውም። ነጭ የደም ሕዋሳት ቀድመው መድረስ ያለባቸው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ሆርሞኖች የሚያግዟቸው ወይም የሚያዘገዩአቸውም እዚሁ ላይ ነው።

ብዙ ማስረጃ ያለው በኢንሱሊን ላይ ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሰውነት አልታዘዘው ሲል ስኳር በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ወደ ቁስሉ ለመሄድም ሆነ ባክቴሪያውን ለመዋጥ ይለግማሉ። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ታካሚዎች «የሦስት ወሩ ስኳር» የሚሉት ምርመራ ከ7.5 እስከ 8 በመቶ ካለፈ፣ ቀጠሮውን አራዝመው ስኳሩ መስመር እንዲይዝ ያደርጋሉ። በቀዶ ሕክምናው ሰሞንም የደም ስኳር ከ200 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች እንዲሆን ይመከራል። ስኳር በሽታ የሌለበትም ሰው ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ሰውነትን አስደንግጦ ኮርቲዞልና አድሬናሊን የተባሉትን የድንጋጤ ሆርሞኖች ያስረጫል፣ እነሱም ስኳሩን ሽቅብ ይገፉታል። እኛ ጋ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። ለስላሳው፣ ጭማቂው፣ ማር የገባበት አጥሚት በታካሚው ራስጌ ይደረደራል። ፍቅሩ መልካም ነው፤ ስኳር ላለበት ሰው ግን የሐይቁ ዓሣ ቢመጣለት ይሻለዋል፣ ቁስል የሚጠግነው ፕሮቲን ስለሆነ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የስቴሮይድ ነገር ነው። ኮርቲዞል ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩት ሆርሞን ሲሆን፣ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ደግሞ እሱን መስለው የተሠሩ፣ ስቴሮይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ናቸው። ሕመምን ቶሎ ያስታግሳሉ፤ ስለዚህም ጉልበቱ ያመመው ሰው ወጌሻ ዘንድ ታሽቶ አልሻል ሲለው፣ ጎረቤት የነገረውን ኪኒን ያለ ማዘዣ ገዝቶ ለወራት ይውጣል። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፣ ቁስል እንዳይገጥም ያደርጋል፣ ስኳርም ይጨምራል። ከዚያም አልፎ ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄደውን ደም እያሳጣ አጥንቱን ሊገድለው ይችላል። ያ ሰው ገና በወጣትነቱ ዳሌው እንዲቀየርለት ይመጣል፤ ለቅየራ የዳረገው ኪኒን ያው ቁስሉን የሚያሰጋው ኪኒን ይሆናል። ከፍርሃት የተነሳ በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው። ለሳምንታት የተወሰደ ስቴሮይድ የራስን ዕጢ ስለሚያስተኛ፣ ድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ኮርቲዞል አጥቶ የደም ግፊቱ ሊወድቅ ይችላል። በሐኪም ትእዛዝ ለሪህ በሽታ የሚወስዱ ሰዎች የዕለቱን መጠን ሳያቋርጡ እንዲቀጥሉ ነው የሚመከረው። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋው ስቴሮይድ ግን ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር ቀድሞ መቆም አለበት።

ሦስተኛው አንገት ላይ ያለው ዕጢ የሚያመነጨው የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ሲዳማ ይህ ሆርሞን የሚሠራበት የአዮዲን እጥረት በጥናት የታየበት አካባቢ ነው፤ ከገጠር ለገበያ ከሚመጡ እናቶች አንገት ላይ እንቅርት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። እንቅርት ያለበት ሁሉ ሆርሞኑ ዝቅ ያለ ነው ማለት አይደለም። ሆኖም ታይሮይዳቸው የደከመ ታካሚዎች ብረቱ ዙሪያ በኢንፌክሽን የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ታይቷል። ጥናቶቹ መዛግብትን ያነጻጸሩ ስለሆኑ መንስኤውን አያረጋግጡም፤ ምርመራው ግን አንድ የደም ናሙና ነው። ድካም የማይለቃት፣ ሲሞቅ እንኳ የሚበርዳት፣ ቆዳዋ የደረቀ ሴት ሳትመረመር ባትገባ እመርጣለሁ። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ መጠኑ መስተካከሉ የሚታወቀው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ቀጠሮው ይህን ታሳቢ ማድረግ አለበት።

ስለ ቴስቶስትሮንና እንደ ሆርሞን ስለሚሠራው ቫይታሚን ዲም ይጠናል፤ ውጤቱ ግን ገና አልጠራም።

ሐዋሳ ላይ ታካሚው የሚመጣው ከከተማው ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ዛሬም «ሪፈራል» ወደሚለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከይርጋለም፣ ከዲላ፣ ከሻሸመኔ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያው ከውጭ የሚገባና ውድ ነው፤ ኢንፌክሽን ከያዘው ብዙ ጊዜ ብረቱ ወጥቶ፣ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሌላ ብረት ይገባል። ቤተሰብ አንዴ ያዋጣውን ሁለቴ ያዋጣል። የስኳርና የታይሮይድ ምርመራ ዋጋ ከዚህ አጠገብ የሚጠራም አይደለም። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዙ በፊት የሚዋጠው ሁሉ፣ ስሙ ያልታወቀው ነጭ ኪኒን ሳይቀር፣ በፌስታል ተቋጥሮ ለሐኪሙ ይታይ።

ከሳምንት በላይ ፈሳሽ የማያቆም ቁስል፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ወይም መቅላት ሲመጣ ፀረ ባክቴሪያ ገዝቶ መዋጥ ምርመራውን ያበላሻል፤ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ሲቀዳ ባክቴሪያው ላይገኝ ይችላል። ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ደግሞ ኢንፌክሽኑ ገብቶ እያለ ትኩሳት ላይታይበት ይችላል፤ እሱ ላይ የሚታየው ያልደረቀው ፋሻ ብቻ ሊሆን ይችላል።