የተጫዋችን ገንዘብ ለይቶ መያዝ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ኦንላይን ፖከር በሕግ ይፈቀድ ብለው የሚሟገቱ ሰዎች ሲባል «እንጫወት» ብቻ የሚሉ ይመስላል። መጫወቱንማ ሰው ተከልክሎም ሲጫወት ኖሯል። ክርክሩ የሚከርረው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ድረ ገጹ ውስጥ የተቀመጠው ገንዘብ የማን ነው? የትኛው ባንክ ውስጥ ነው? አጫዋቹ ድርጅት ቢከስርስ ማን ይመልሰዋል? ለዚህ የሚሰጠው መልስ የተጫዋችን ገንዘብ ከድርጅቱ ገንዘብ ለይቶ መያዝ ይባላል። ፖከርን የሚፈቅድ ሕግ ሲረቀቅ መጀመሪያ መነበብ ያለበት አንቀጽ ይኸው ነው ብለን እናምናለን።

ፖከር ከኳስ ውርርድ ወይም ከሩሌት ይለያል። እዚያ ተጫዋቹ የሚገጥመው ቤቱን ነው፤ እዚህ ግን የሚበላሉት ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ናቸው። ድርጅቱ ጠረጴዛውን ያዘጋጃል፣ ካርታውን በውዞ ያድላል፣ ከየፖቱ (በአንድ ዙር ከተጠራቀመው የውርርድ ገንዘብ) ደግሞ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ፣ ከተወሰነ ጣሪያ ሳያልፍ ይቆርጣል። ይህ ቆረጣ ሬክ ይባላል። የድርጅቱ የራሱ ገቢ በዋናነት ሬኩና የውድድር መመዝገቢያው ክፍያ ነው። የቀረው የሰው ገንዘብ ነው። የዕቁብ ዳኛ የአባላቱን መዋጮ ከሱቁ ሽያጭ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ቢከት ዕጣ የደረሰው ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማንም ግልጽ ነው። ዳኛው ሌባ መሆን እንኳ አያስፈልገውም፤ አንድ ክፉ ወር ይበቃዋል።

ነገሩ እንዴት እንደሚበላሽ በደንብ ያሳየው ፉል ቲልት ፖከር የተባለው የኦንላይን ፖከር ድርጅት ነው። (ዘመኑ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በጥቅምት 2006 የአሜሪካ ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ያነጣጠረው ተጫዋቹ ላይ ሳይሆን ለሕገወጥ የኢንተርኔት ቁማር ክፍያ በሚቀበሉት ላይ ነበር፤ ባንኮችም እንዲህ ያለውን ክፍያ እንዲያግዱ ታዘዙ። አንዳንድ ድርጅቶች አገሪቱን ለቀው ወጡ። የቀሩት ገንዘብ የሚያሻግሩላቸው ደላላ ኩባንያዎች ፍለጋ ገቡ። አንዱ ሲዘጋ ሌላ፣ እሱ ሲዘጋ ሌላ።

አሁን አንድ ክፍያ ብቻ እንከተል። ተጫዋቹ ማታ 200 ዶላር በኤሌክትሮኒክ ቼክ ያስገባል። ድርጅቱ ቼኩ እስኪመነዘር አይጠብቅም፤ ደንበኛው ሌላ ቤት እንዳይሄድበት 200ውን ወዲያው ያሳየዋል። ሰውየው ሁለት ሰዓት ተጫውቶ፣ ሙልጭ ብሎ ተበልቶ ይነሣል። በዚህ ሰዓት 200 ዶላሩ፣ ሬኩ ተቀንሶለት፣ የሦስት አራት ሌሎች ሰዎች ባላንስ ላይ ተበትኗል። በሳምንቱ የደላላው የባንክ ሒሳብ ይታገዳል። ቼኩ አልተመነዘረም። ገንዘቡ ድርጅቱ እጅ አልገባም፤ አሸናፊዎቹ ስክሪን ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከእነሱ አንዱ «ላውጣ» ሲል የሚከፈለው ሌላ ሰው ካስገባው ነው።

እንደ አሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ክስ፣ ፉል ቲልት በዚህ መንገድ ያልገባ 130 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለተጫዋቾች አሳይቷል። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ለባለቤቶቹ 440 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አከፋፍሏል። በመጋቢት 2011 መጨረሻ ለተጫዋቾች ያለበት ዕዳ 390 ሚሊዮን አካባቢ ሲሆን ባንክ ውስጥ የነበረው 60 ሚሊዮን ብቻ ነበር።

ሚያዝያ 15 ቀን 2011፣ የፖከር ሰዎች «ጥቁር ዓርብ» በሚሉት ቀን፣ ሦስት የኦንላይን ፖከር ድርጅቶች፣ ፖከርስታርስ፣ ፉል ቲልትና አብሶሉት ፖከር፣ ያንን የ2006 ሕግ ጥሳችኋል ተብለው በአንድ ላይ ተከሰሱ። ቀኑ አንድ፣ ክሱ አንድ፣ የተጫዋቹ ዕጣ ግን ለየቅል ሆነ። ፖከርስታርስ የተጫዋቾቹን ገንዘብ ለይቶ ይዞ ስለነበር ለአሜሪካውያን ደንበኞቹ በሳምንታት ውስጥ መለሰ። የፉል ቲልት አሜሪካውያን የመጀመሪያው ክፍያ የደረሳቸው በየካቲት 2014 ማብቂያ ነው። የአብሶሉት ፖከሮቹ እስከ 2017 ጠበቁ። የፉል ቲልቶቹም ቢሆኑ የዳኑት በሕግ ጥበቃ አይደለም፤ በ2012 ተፎካካሪያቸው ፖከርስታርስ ከመንግሥት ጋር በ731 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ድርጅቱን ስለ ወሰደው ነው። ከዚህ ውስጥ 184 ሚሊዮኑ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ተጫዋቾች የተመደበ ነበር። ፉል ቲልት እኮ ፈቃድ ነበረው፤ በእንግሊዝ ቻነል ካለችው ከአልደርኒ ደሴት። ስለዚህ «ፈቃድ አለው» ማለት ብቻውን የትም አያደርስም፤ ፈቃዱ ምን ያስገድዳል ነው ጥያቄው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ገንዘቡን በሌላ የሒሳብ ቁጥር ማስቀመጥና በአደራ መያዝ አንድ አይደሉም። ድርጅቱ በራሱ ስም ሁለተኛ ሒሳብ ከፍቶ «የደንበኞች» የሚል ስም ቢሰጠው፣ በከሰረ ዕለት ያ ሒሳብ ከድርጅቱ ንብረት ሊቆጠር ይችላል፤ አበዳሪው ባንክ፣ ቀረጥ ሰብሳቢው፣ ማስታወቂያ የሠራለት ሁሉ ይሰለፍበታል። በአደራ ሲያዝ ግን ገንዘቡ መጀመሪያውኑ የድርጅቱ አይደለም፤ ኪሳራ አጣሪው አይነካውም። እንግሊዝ ውስጥ ሁሉም የኦንላይን አጫዋቾች ሒሳቡን መለየት ግድ አለባቸው፤ የጥበቃው ደረጃ ግን ሦስት ነው። በታችኛው ሒሳቡ ተለይቷል፣ ጥበቃ ግን የለም። በመካከለኛው ድርጅቱ ቢወድቅ ገንዘቡ ለደንበኞች እንዲደርስ እንደ ኢንሹራንስ ያለ ዝግጅት ተደርጓል። በከፍተኛው ገንዘቡ ሌላ አካል በሚቆጣጠረው የአደራ ሒሳብ ውስጥ ነው። ድርጅቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ለደንበኛው መንገር አለበት። ይነግራል፤ አንባቢ በማይደርስበት ገጽ ላይ።

ኦንላይን ፖከርን የፈቀደችው የአሜሪካዋ ግዛት የኒው ጀርሲ ደንብ ጠንከር ይላል፤ ስሌቱም ቀላል ነው። ተለይቶ የተያዘው ሒሳብ በየቀኑ ከሦስት ነገሮች ድምር ማነስ የለበትም፦ ወጪ ሊደረግ ከሚችለው የተጫዋቾች ባላንስ፣ ጠረጴዛ ላይ ካለው ገንዘብ፣ «ላውጣ» ተብሎ ገና ካልተከፈለው። አንዷ 300 ዶላር ሳትነካ አስቀምጣለች፤ አንዱ 150 ይዞ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሌላው 80 ለማውጣት ጠይቆ እየጠበቀ ነው። ባንኩ ውስጥ ቢያንስ 530 ዶላር መኖር አለበት። ለአራተኛው ሰው የተሰጠው 50 ዶላር ቦነስ ወጪ ስለማይደረግ አይቆጠርም።

ድርጅቶቹ የሚያጉረመርሙት ቅዳሜና እሑድ ሲመጣ ነው። ዓርብ ማታ በካርድ የገባ ገንዘብ ባንካቸው የሚደርሰው ከሰኞ በኋላ ነው፤ ተጫዋቹ ባላንስ ላይ ግን ዓርቡኑ ታይቷል። ክፍተቱን ከኪሳቸው መሙላት አለባቸው። ወጪ ነው፣ እውነት ነው። ግን ፉል ቲልትን ካፈረሱት ነገሮች አንዱ እንዲህ ያለ ክፍተት ስለሆነ «ትንሽ ይላላልን» የሚለው ልመና ጆሮ ሊሰጠው አይገባም።

ደካማ ረቂቅ የሚታወቀው ከሦስቱ አንዱን ሲዘል ነው። ለምሳሌ ጠረጴዛ ላይ ያለው «በጨዋታ ላይ ነው» ተብሎ ሊዘለል ይችላል። ወይም ደግሞ ሒሳቡ በየቀኑ እንዲሟላ ሳይሆን በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ ኦዲት እንዲደረግ ብቻ ሊጠይቅ ይችላል። ለኦዲቱ ቀን ተበድሮ ሞልቶ በማግስቱ ባዶ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። ለምክር ቤት አባል የሚጻፍ ደብዳቤ «ተጫዋቾች ይጠበቁ» ብሎ ቢቀር ሁሉም ይስማማበትና ይረሳል። «በአደራ ሒሳብ፣ በየቀኑ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለውንና ያልተከፈለውን ጨምሮ፣ በገለልተኛ ኦዲተር» ብሎ አንቀጹን ሲጠቅስ ግን ረቂቁን ያዘጋጁት መልስ ለመስጠት ይገደዳሉ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግዛቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት በ2006 የኢንተርኔት ቁማርን ከከባድ ወንጀል መደበ፤ አንድ ጠበቃ ሕጉን ተቃውሞ ቢከስም የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ሕጉን አጸናው። እዚያ ሆኖ ባሕር ማዶ ባለ ድረ ገጽ የሚጫወት ሰው ክፍያ ቢዘገይበት አቤት የሚልበት የለም፤ ለግዛቱ ተቆጣጣሪ ቢያመለክት የራሱን ጥፋት ነው የሚያመለክተው። ለይቶ መያዝ ተጫዋቹን ከራሱ አያድነውም፤ ተበልቶ ለሄደ ደመወዝ መድኃኒቱ ራስን ማሳገድ (ድርጅቱ እንዳያጫውተኝ ብሎ በራስ ፈቃድ መጠየቅ) እና የማስገቢያ ጣሪያ ነው፤ እነሱ የራሳቸው አንቀጽ አላቸው።

ፈቃድ ባለበት ቦታ የሚጫወት ሰው ደግሞ ገንዘብ ከማስገባቱ በፊት የድርጅቱን ውል ይክፈትና ስለ ደንበኛ ገንዘብ የሚለውን ክፍል ይፈልግ። ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ስምና የፈቃዱ ቁጥር ካለ በዚያ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያመሳክር። ከዚያ ትንሽ ገንዘብ አስገብቶ ከፊሉን ለማውጣት ይሞክር፤ ማስገባቱ ደቂቃ፣ ማውጣቱ ግን ያለ ምክንያት ሳምንታት ከፈጀ ሌላውን አይጨምር።