በ1732 የተጀመረው የፕሬዚዳንቱ ቤት፦ የሚወራው እና እውነታው

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ዊልያም ኤንድ ሜሪ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት መኖሪያ ቤት መሠረት የተጣለው በ1732 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬም የፕሬዚዳንቱ መኖሪያ ነው። ዕድሜው ሲረዝም ወሬውም በዝቷል።

«እንግሊዞች አቃጠሉት።» አላቃጠሉትም። በ1781፣ በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጊዜ፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ኮርንዋሊስ የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ጄምስ ማዲሰንን (በኋላ አሜሪካን የመራው የስሙ ሞክሼ ዘመድ ነው) አስወጥቶ ቤቱን ጠቅላይ ሰፈሩ አደረገው። ከዚያ ለቆ ሄደ። ዮርክታውን ላይ እጁን ከሰጠ በኋላ፣ የአሜሪካኖች አጋር የሆኑት ፈረንሳዮች የቆሰሉ መኮንኖቻቸውን እዚያ አስተኙ። እሳቱ የተነሳው ያኔ ነው፤ በድንገት። ጠላት ሳይነካው የለቀቀው ቤት በወዳጅ እጅ ተቃጠለ። ማሳደሻውንም የከፈሉት ፈረንሳዮቹ ናቸው።

«እንግዲያው የዛሬው ቤት ቅጂ ነው።» ይህ ግምት ከመሬት አልተነሳም። ዩኒቨርሲቲው ባለበት በዊልያምስበርግ ከተማ ውስጥ በ1930ዎቹ እንደ አዲስ የተሠሩ «ጥንታዊ» ቤቶች ሞልተዋል። የዚህ ቤት ግድግዳ ግን ከእሳቱ ተርፏል። ጠጋ ብላችሁ እዩት። በየረድፉ አንዱ ጡብ በረጅም ጎኑ፣ ቀጣዩ በአጭር ጫፉ ተቀምጧል። ከአጫጭሮቹ ብዙዎቹ ግራጫማ ሆነው ያብረቀርቃሉ። ጡቡ ሲሠራ በምድጃ ሲቃጠል ለእሳቱ የቀረበው ጫፍ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ግንበኛውም ያንን ጫፍ ሆን ብሎ ወደ ውጭ ያዞረዋል። ያለ ቀለም የተሠራ ጌጥ ነው። እኔ ከዚህ ቤት ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

«ክሪስቶፈር ሬን ነደፈው።» ታዋቂው የለንደን አርክቴክት ሬን የሞተው በ1723 ነው፤ መሠረቱ ከመጣሉ 9 ዓመት በፊት። ስሙን የያዘው አጠገቡ ያለው ትልቁ ሕንፃ ነው። እሱንም ቢሆን ሬን እንደነደፈው የሚያረጋግጥ ሰነድ የለም። የፕሬዚዳንቱን ቤት የሠራው ሄንሪ ኬሪ ነው።

«ፊት ለፊቱ ካለው ብራፈርተን ከሚባል ሕንፃ ጋር መንታ ነው።» ይመሳሰላሉ፤ የፕሬዚዳንቱ ግን ትንሽ ይበልጣል።

«የፕሬዚዳንቶች ቤት ነው፣ በቃ።» ይህኛው ያሳዝነኛል። ምግቡን ያበሰሉት፣ ውኃውን የቀዱት፣ እሳቱን ያነደዱት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የባሪያ ባለቤት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ይህንን በይፋ ያመነው በ2009 ነው። በ2022 ደግሞ በግቢው ውስጥ መታሰቢያ ቆመላቸው። ቅርጹ የምድጃ ነው፤ ስሞቻቸው ተቀርጸውበታል።