«ናይትሮጅን ፊክሴሽን» ምንድን ነው?

በሰንዳፋ ዙሪያ ነሐሴ ሲገባደድ የባቄላው ማሳ ያብባል። ነጩ አበባ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ስላለው ዓይን ያለው ይመስላል። የክረምት ትምህርት የማስጠናቸውን ልጆች ይዤ ወደ ማሳ የምወጣው በዚህ ሰሞን ነው። ዘንድሮም አንድ አባት ፈቅደውልን ከማሳቸው ዳር አንድ እግር ባቄላ ነቀልን። መንቀል ስል መጎተት ማለቴ አይደለም፤ ዙሪያውን በዶማ ፈልፍለን ከነአፈሩ አነሣነው፣ ከዚያም ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክረን ቀስ ብለን አጠብነው። አፈሩ ሲለቅ ሥሩ ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ እብጠቶች ተኮልኩለው ታዩ።

«መምህር፣ ሥሩን በሽታ ይዞታል» አለች አንዷ።

ባለማሳው ፈገግ ብለው «በሽታስ አይደለም ልጄ። እንዲያውም ደካማው እሱ የሌለበት ነው» አሏት።

እነዚህ እብጠቶች በመማሪያ መጽሐፍ «ኖዲዩል» የሚባሉት ናቸው። በውስጣቸው የሚካሄደው ሥራ ደግሞ «ናይትሮጅን ፊክሴሽን» ይባላል። ልጅቱ ደብተሯ ላይ «ናይትሮጅንን መጠገን» ብላ ተርጉማዋለች። አልፈረድኩባትም፤ «ፊክስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የምታውቀው የተበላሸ ስልክ ሲጠገን ነው። ነገር ግን ቃሉ ከላቲን ሲመጣ ይዞት የመጣው ትርጉም አጥብቆ ማያያዝ፣ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ማድረግ ነው። መደርደሪያ ግድግዳ ላይ ሲመታም፣ የማይለወጥ ዋጋ ሲወጣም እንግሊዝኛው በዚሁ ቃል ይጠቀማል። ሳይንሱ የወሰደው ይህንን ትርጉም ነው፦ በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን ናይትሮጅን ይዞ ከሃይድሮጅን ጋር ማሰር። «ኖዲዩል» የሚለውም ከላቲን የመጣ ሲሆን ትንሽ ቋጠሮ ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ ሳስተምር «መቋጠር» እላለሁ። እናት ለመንገደኛ ልጇ ስንቅ እንደምትቋጥር ባቄላም ከአየር የተያዘ ምግብ ሥሩ ላይ ይቋጥራል። «ማዋሃድ» የሚለው ትርጉም ስሕተት የለበትም፤ ለተማሪ ዓይን የሚያሳየው ነገር ግን ጥቂት ነው።

መቋጠሩ ለምን አስፈለገ? ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ዕፅዋት ያለ ናይትሮጅን ፕሮቲንም ሆነ ክሎሮፊል የተባለውን አረንጓዴ የቅጠል ቀለም መሥራት አይችሉም። ናይትሮጅን ያጣ ስንዴ ከታችኛው ቅጠሉ ጀምሮ ቢጫ ይሆናል። በናይትሮጅን ተከቦ ናይትሮጅን ይርበዋል፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደሚባለው ማለት ነው። ምክንያቱም በአየር ውስጥ የናይትሮጅን አተሞች ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ትስስር ተቆላልፈዋል፤ ያንን ቁልፍ የሚፈታ መሣሪያ ዕፅዋት የላቸውም። መብረቅ ይፈታዋል፣ ግን ጥቂት ነው። ፋብሪካም ይፈታዋል፣ ያውም ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀትና ከተለመደው የአየር ግፊት 200 እጥፍ ገደማ በሆነ ግፊት። ፍሪትዝ ሃበር በቤተ ሙከራ ያሳየውና ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ ያሸጋገረው፣ ጀርመን ውስጥ በ1913 እ.ኤ.አ. ማምረት የጀመረው ዘዴ ይህ ነው። ገበሬዎቻችን በኩንታል የሚገዙት ዩሪያም ከዚሁ ይመነጫል። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ያንኑ ቁልፍ በባቄላው ሥር ያለች ባክቴሪያ በሰንዳፋ ብርድ፣ ጭቃ ውስጥ ሆና ትፈታዋለች። ስንት ዓመት ሳስተምረው አሁንም ይደንቀኛል።

ባክቴሪያዋ ራይዞቢየም ትባላለች። ባቄላው ገና ቡቃያ ሳለ ከሥሩ ልዩ ኬሚካል ወደ አፈሩ ይለቃል። በአካባቢው ያለችው ባክቴሪያ ምልክቱ ሲደርሳት በራሷ ኬሚካል ትመልስለታለች። ይኼኔ የሥሩ ፀጉር ጫፉ እንደ ከዘራ እጀታ ይቆለመምና ያቅፋታል፤ እሷም በቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ ትዘልቃለች። ተክሉ ሴሎቹን አባዝቶ ቤት ይሠራላታል፤ ልጅቱ በሽታ ያለችው እብጠት ያ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ባቄላው በቅጠሉ ያዘጋጀውን ስኳር ያበላታል፣ እሷም አሞኒያ፣ ማለትም ከሃይድሮጅን ጋር የታሰረውን ናይትሮጅን፣ ትሰጠዋለች።

አንዱን እብጠት በጥፍር ስንሰነጥቀው ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀይ ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ዝም አሉ። ቅላቱ ምክንያት አለው። ቁልፉን የሚፈታው ናይትሮጅኔዝ የተባለ ኢንዛይም ኦክስጅን ካገኘው ይበላሻል፤ ባክቴሪያዋ ደግሞ ለመተንፈስ ኦክስጅን ያስፈልጋታል። ስለዚህ ሌግሄሞግሎቢን የሚባል ቀይ ፕሮቲን ኦክስጅኑን ይዞ በልክ በልኩ ያቀብላታል። ስሙ እንደሚናገረው ደማችንን የሚያቀላው የሄሞግሎቢን ዘመድ ነው።

ይህ ሁሉ በሳይንስ የታወቀው ሩቅ ባልሆነ ጊዜ ነው። ሄርማን ሄልሪገልና ሄርማን ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን አተር በአየር ናይትሮጅን የሚጠቀመው ሥሩ ላይ ባሉት ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት መሆኑን በ1886 እ.ኤ.አ. አሳወቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኔዘርላንዳዊው ማርቲኑስ ቤይሪንክ ባክቴሪያዋን ለይቶ አወጣት። ባለማሳው አባት ስማቸውን አልሰሙም፣ ውጤቱን ግን ያውቁታል፦ «ስንዴ በስንዴ ላይ ከደጋገምኩ መሬቱ ይደክምብኛል። ባቄላ ከዋለበት በኋላ ግን ስንዴው ፊቱ ሌላ ነው።»

እዚህ ላይ ግን ተማሪዎች ፈተና ላይ የሚጽፏትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ማረም እፈልጋለሁ፦ «ጥራጥሬ ለአፈር ናይትሮጅን ይጨምራል።» ግማሽ እውነት ናት። ከተቋጠረው አብዛኛውን የሚወስደው ባቄላው ራሱ ነው፤ ወደ ፍሬው ያስገባዋል፣ ሽሮአችን ፕሮቲን የሚኖረውም ለዚህ ነው። ፍሬው ተሸጦ፣ ገለባው ለከብት ሄዶ፣ ሥሩም ተነቅሎ ከወጣ ለመሬቱ የሚቀረው እፍኝ የማይሞላ ነው። ምስርና ሽምብራ በእጅ የመነቀል ልማድ ስላላቸው ጉዳቱ በእነሱ ይብሳል። ባቄላን በማጭድ አጭዶ ሥሩን ለአፈሩ መተው ይሻላል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ሁሉም ጥራጥሬ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ እንደማይጋራ ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ በአንዷ ይስማማሉ፤ ሽምብራ የራሱ አለው፤ አኩሪ አተርም እንዲሁ። ስለዚህ አኩሪ አተር ተዘርቶበት በማያውቅ መሬት ላይ ባክቴሪያዋን ከዘሩ ጋር አሽቶ መዝራት ያስፈልጋል። አፈሩም ይወስናል። ወደ ሆለታ በኩል እንዳሉት ዓይነት አሲዳማ መሬቶች ላይ ባክቴሪያዋ ትዳከማለች፤ ኖራ የሚበተነው አሲዱን ለመቀነስ ነው። ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ሥሩ አየር ያጣል። በአቃቂና በዱከም መስመር ሽምብራ ክረምቱ ሲያባራ፣ በቀረው እርጥበት የሚዘራው በከንቱ አይደለም።

ራሳችሁ ነቅላችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ጊዜው አበባው ሳለ ነው። እሸቱ ሲሞላ ተክሉ ስኳሩን ወደ ፍሬው ስለሚያዞር እብጠቶቹ ይጠወልጋሉ፤ ስትሰነጥቋቸውም ቀይ የነበረው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ነጭ ከሆነ ወይ ገና ልጅ ነው፣ ወይ አይሠራም። የእውነት በሽታ መሆኑን የምትለዩትም በጥፍር ነው፦ ቋጠሮው ከሥሩ ጎን የተለጠፈ ስለሆነ ሲነኩት በቀላሉ ይነሣል፤ ጥቃቅን ትሎች ያሳበጡት ሥር ግን ያበጠው ራሱ ሥሩ ስለሆነ ሥሩን ሳይበጥሱ አይላቀቅም።