ኢኮቱሪዝም ምንድን ነው? ከፒያሳ እስከ ሳንቃበር

ጎንደር ፒያሳ ቡና ይዘን ተቀምጠናል። ፊት ለፊታችን አንድ ሚኒባስ ቆሟል። ጎኑ ላይ «ኢኮ ቱር» ተብሎ ተጽፏል። ጓደኛዬ አየት አደረገና «ኢኮ ማለት ርካሹ ነው አይደል? እንደ ኢኮኖሚ ክላስ?» አለኝ።

ሳቅሁበት። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ልጁ አይፈረድበትም። ዛሬ «ኢኮ» ያልተለጠፈበት ነገር የለም። ጣሪያው ሣር ከሆነ ኢኮ ሎጅ ነው። ግድግዳው አረንጓዴ ከተቀባ ኢኮ ካፌ ነው። ከጓሮው ጄኔሬተር ሲያጓራ የሚያድረውም ኢኮ ነው። ቃሉ ሁሉም ቤት ገብቶ አድሯል፤ ማን እንደሆነ የጠየቀው ግን የለም።

እንጠይቀው። «ኢኮ» የመጣው ከግሪኩ «ኦይኮስ» ነው፤ ቤት ማለት ነው። ኢኮኖሚም ከዚሁ ቃል ነው የወጣው። ስለዚህ ጓደኛዬ ዘመዳሞቹን ነው ያምታታው። ዓለም አቀፉ የኢኮቱሪዝም ማኅበር የተመሠረተው በ1990 ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው)። የሰጠው ትርጉም ሲያጥር እንዲህ ነው፦ ወደ ተፈጥሮ ሥፍራ በኃላፊነት መጓዝ፤ ጉዞው አካባቢውን የሚጠብቅ፣ የአካባቢውን ሰው ኑሮ የሚደግፍ ሲሆን። በኋላ ደግሞ ጎብኚውም አስተናጋጁም ከጉዞው መማር አለባቸው የሚል ተጨመረበት።

ለእኔ የበለጠ የገባኝ በራሳችን እንግዳ ነው። ገጠር መሽቶበት ደጃፍ የቆመ መንገደኛ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ይገባል። እግሩ ይታጠባል። የቀረበለትን ይበላል። ጎተራ ከፍቶ አያይም፣ የባለቤቱን መደብ አይቀማም፣ ጠዋት መርቆ ይሄዳል። ኢኮቱሪስት ማለት ይኸው እንግዳ ነው። ልዩነቱ ይከፍላል። የከፈለው ደግሞ ያሳደረው ሰው እጅ መግባት አለበት። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚች ላይ ነው።

እስቲ ስሜን እንውጣ። ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው እዚያ ነው። ያለ ስካውት መግባት አይቻልም። ስካውቱ ጠመንጃ ያነገተ፣ ጋቢ የደረበ፣ ዳገቱን እንደ ሜዳ የሚወጣ የአካባቢው ሰው ነው። ከእሱ ሌላ አስጎብኚ አለ፣ ኩክ (ምግብ አብሳይ) አለ፣ በቅሎና ባለበቅሎ አለ። ባለበቅሎዎቹ በተራ ነው የሚሠሩት። ተራው የደረሰ ይጭናል፣ ያልደረሰው ይጠብቃል። ስለ ኢኮቱሪዝም ብዙ ወረቀት አንብቤያለሁ። ከዚያ ተራ የበለጠ ያስረዳኝ ግን የለም። አንድ ድንኳንና አንድ ከረጢት ሽንኩርት ተራራ ሲወጣ አንድ ቤተሰብ ዘይትና ጨው ይገዛል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ከጎንደር በአንድ አስጎብኚ ድርጅት መኪና ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ብሮሹሩ ላይ «ኢኮ» የሚለው ቃል ከድርጅቱ ስም በልጦ ነው የተጻፈው። ምሳችን በላስቲክ ታሽጎ ከጎንደር ተጫነ። ውሃው ከጎንደር። ኩኩ ከጎንደር። አስጎብኚው ከጎንደር። ደባርቅ የቆምነው ስካውት ለመጫን ነው፤ እሱም ግዴታ ስለሆነ። በሁለት ቀን ጉዞ ውስጥ ደባርቅ ያወጣሁት የሁለት ሻይ ሂሳብ ነው። የበላንበት ላስቲክ ግን ተራራው ላይ ቀረ። ያን ቀን ከእግሬ ይልቅ የደከመው ሆዴ ነው።

የዘርፉ ባለሙያዎች ይህን የገንዘብ መፍሰስ ይሉታል። ቀዳዳ እንስራ አስቡ። ከምንጩ ሞልታ ትነሳለች፣ ቤት ስትደርስ ባዶ ናት። ጎብኚው የከፈለው አየር መንገድ ላይ ይፈሳል፣ ትልቅ ከተማ ላይ ይፈሳል፣ ከውጭ በመጣ ዕቃ ይፈሳል። ተራራው ሥር የሚደርሰው ጠብታ ነው። ኢኮቱሪዝም ያን ቀዳዳ መድፈን ነው። የሣር ክዳን ኋላ ይደርሳል።

ቀዳዳው ባይደፈን ምን ይሆናል? ይህን የነገሩኝ አንድ ባለበቅሎ ናቸው። ፓርኩ ውስጥ ሳንቃበር በሚባለው ማደሪያ ድንኳን እየተተከለ እሳቸው በቅሏቸውን ሣር አስግጠው ቁጭ አሉ። ራቅ ብሎ የጭላዳ መንጋ አለ። «አባባ፣ ዝንጀሮው አያስቸግርም?» አልኳቸው።

«አየ ልጄ!» አሉ። «ዝንጀሮው ገብሴን ይበላል። ብሩን ሌላ ይበላል።»

ከዚያ ሳቅ አሉና «አሁን ግን በቅሎዋ ትከፍልለታለች» አሉኝ። ጭላዳው በዓመት የሚያጠፋባቸውን ገብስ ከጭነት ከሚያገኙት ጋር እያነጻጸሩ ነው የሚኖሩት። ተራው በደህና ጊዜ ከደረሳቸው ጭላዳውን በድንጋይ አባረው ይተዉታል። ካልደረሳቸው ምን እንደሚያደርጉ አልጠየቅሁም።

ይህ ሂሳብ ባልተሠራበት ጊዜ ምን እንደሆነ ስሜን ላይ ታይቷል። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1969 ነው። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን አንዱ ነበር። ከላሊበላ ጋር ማለት ነው፤ የኛው ፋሲል ግንብ እንኳ የተመዘገበው በዓመቱ ነው። በ1996 ግን ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ዋልያው ቁጥሩ አሽቆልቁሎ ነበር። እርሻው ወደ ገደሉ ጫፍ ተጠግቷል። ከብቱ ጓሳውን ጨርሶታል። መንገድ በመሃል አልፏል። ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው፤ 21 ዓመት ፈጀ።

ዋልያን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በኳስ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ሲሸነፍ የሚሰደበው ስሙ ነው። እንስሳው ግን ከስሜን በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ጭነቅ አካባቢ ጠዋት ብትደርሱ ገደሉ አፋፍ ላይ ታዩታላችሁ። ወንዱ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ጺሙ የጠቆረ፣ ዘወር ብሎ እንኳ የማያያችሁ ኩሩ ነው። ቀይ ቀበሮም እዚያው አለ። እሱም ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ በአገር ደረጃ ያለው በጥቂት መቶዎች ነው የሚቆጠረው።

ከዝርዝሩ ለመውጣት የተከፈለው ዋጋ ደግሞ መነገር አለበት። ፓርኩ መሃል ግጭ የሚባል መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ሣሩ አገገመ፤ ይህ እውነት ነው። ገብስ ዘርቶ በግ አርብቶ የኖረ ሰው በአንዴ የከተማ ሰው ሁን ሲባል እንደማይቀለውም እውነት ነው። ኢኮቱሪዝም ሲባል ሰው የሌለበት ንጹሕ ተራራ የሚታያቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም። ከተራራው የወረደ ሰው ከተራራው ገቢ ድርሻ ከሌለው «ኢኮ» የሚለው ቃል ለእሱ ስድብ ነው።

ሌላው የዘርፉ ቃል የመሸከም አቅም ነው። ይህን ለማስረዳትም በቅሎ ትበቃለች። ባለበቅሎ ጭነቱን በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ ይመዝናል። ከበዛ «ይሄ ይውረድ» ይላል። ጎብኚው ቢቆጣም አይሰማውም። ተራራም እንዲሁ ነው። ያ ደጋ ሣር በዝግታ ነው የሚያድገው። አንድ ሰው ጭቃ ላለመርገጥ ከመንገዱ ዳር ዳር ሲሄድ፣ ቀጣዩም ዳር ዳር ሲሄድ፣ ቀጭኗ የእግር መንገድ የመኪና ያህል ትሰፋለች። በክረምት ያ ሁሉ ቦይ ይሆናል። ጅብራ የምትባለውን የደጋ ተክል ውሰዱ። ብዙ ዓመት ቆይታ አንዴ ብቻ ታብባለች፤ ከዚያ ትደርቃለች። ለፎቶ ብሎ ቅጠሏ ላይ የሚንጠላጠል ሰው አይቻለሁ።

ፎቶ ካነሳን ስለ ጭላዳ አንድ ነገር ልበል። ጭላዳ ሣር በሊ ነው። ዝንጀሮ ብለን ስለምንጠራው ሙዝ የሚፈልግ ይመስለናል። መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ይቀመጣል። በሁለት እጁ ሣሩን እንደ ጎመን እየቀነጠሰ ያኝካል። ሲጨርስ አይነሳም፤ በቂጡ ተንፏቅቆ ጥቂት ይጠጋል። ደረቱ ላይ ያ ቀይ ምልክት አለ። መሃላቸው ብትቀመጡ ከቁብ አይቆጥሯችሁም። ይህ ሰላም የሚበላሸው አንድ ሰው ብስኩት ሲወረውር ነው። ዳቦ የለመደ መንጋ ሣር ላይ አይቆይም። ከሰው ከረጢት ይጀምራል፣ ከዚያ የአባባ ገብስ ላይ ይወርዳል። የዚያን ብስኩት ዋጋ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ባለፈው አንዲት ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ቂጣ ስትዘረጋ ስካውቱ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ደነገጥን። ለካ እጁን ለማወናጨፍ እንዲመቸው ነው።

ኢኮቱሪዝም የስሜን ብቻ ጉዳይ አይደለም። ምዕራብ ጎንደር፣ ቋራ በኩል፣ ሱዳን ድንበር ላይ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ቆላ ነው፣ አንበሳ አለው፣ ጎብኚ ግን እምብዛም አይደርስበትም። ደቡብ ጎንደር ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ። ከሩቅ ስታዩ ሜዳው ሁሉ እርሻ ነው፤ መሃል ላይ ክብ ጥቁር አረንጓዴ ደሴት። ጠጋ ስትሉ መሃሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ተርፎ የቆየው ቅጽሩ የከበረ ስለሆነ ነው። እዚያ የቱሪስት አውቶብስ ማሰለፍ ደስ አይለኝም። ጥቂት ሰው፣ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዶ፣ ጫማ የሚወልቅበት ላይ አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢገባ ይበቃል። አንዳንዱ ደን የሚጠቅመው እንግዳ ሲያንሰው ነው።

ኢኮቱሪዝም መድኃኒት ነው የሚሉ ሰዎች አንድ ነገር ይዘላሉ። እንግዳ ይቀራል። በ2020 ኮሮና መጣ። ዓመቱ ሳያልቅ ጦርነቱ ተከተለ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የክልሉ ግጭት አለ። የበቅሎ ተራው ቆመ። በቅሎ ሥራ ፈታሁ ብላ ሣር መብላት አታቆምም። በጎብኚ ብቻ ኑሮውን ያቆመ ሰው እንግዳ ሲጠፋ ወዴት ይሄዳል? ወደ ደኑ ነው የሚሄደው። ወይ እንጨት ሊቆርጥ፣ ወይ ከብት ሊያሰማራ። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች በአንድ እግር አትቁሙ ይላሉ። ንብ፣ በግ፣ ድንች፣ ሽመናም ይኑር፤ ጎብኚው ሲመጣ እንደ ወጥ ማጣፈጫ ይጨመር።

የፈረንጅ እንግዳ ሲቀር ደግሞ እኛ ነበርን። እውነቱን ልናገርና፣ ፋሲል ጥምቀት የሚበላ የሚጠጣ፣ ስሜንን ግን በፎቶ ብቻ የሚያውቅ ጎንደሬ ሞልቷል። እኔ ራሴ ደባርቅን አልፌ የወጣሁት ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ ነው። ሊማሊሞን በአውቶብስ ስወርድ ስንት ጊዜ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ ከፍርሃት ነው።

ጓደኛዬን በመጨረሻ ይዤው ወጣሁ። ያን ሚኒባስ ትተን በሕዝብ መኪና ደባርቅ ወረድን። ከመነሳታችን በፊት አንድ ሦስት ነገር ጠየቅን፦ አስጎብኚው የየት ልጅ ነው፣ ስንቁ የሚገዛው የት ነው፣ ቆሻሻው ተመልሶ የሚወርደው በማን ነው። ድንችና ሽንኩርቱን ደባርቅ ገበያ ገዛን። በሶና ቆሎ ያዝን። ሒሳቡ ከብሮሹሩ ብዙም አልረከሰም፤ ጓደኛዬ «ኢኮኖሚ ክላስ አይደለማ» እያለ ቆጠረ። ባዶ ላስቲኮቹን በአንድ ከረጢት አጭቀን በቅሎዋ ላይ መልሰን ጫንን፤ ባለበቅሎው ለብቻው አላስከፈለንም።

መውጣት ለምትፈልጉ፦ ክረምቱ ሲያልፍ፣ ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ጥሩ ነው፤ ሜዳው በአበባ ይሞላል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደባርቅ ላለ ሰው ደውላችሁ አጣሩ። ጋቢ አንድ አይበቃም። ጓደኛዬ አንድ ይዞ ነው የወጣው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ አድሮ ጠዋት ላይ የስካውቱን ካፖርት ለብሶ ተገኘ።