«የሰው ወርቅ አያደምቅ»፦ በቅጥረኛ ጦር የተመኩ ነገሥታት

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው በሌላ ሰው ሀብት፣ ሥልጣን ወይም ጉልበት ለሚኩራራ ነው። ምስሉ ግልጽ ነው፤ በተዋሰችው ሐብል ለሠርግ የደመቀች ሴት፣ ባለንብረቷ በጠየቀቻት ሰዓት አውልቃ ትመልሳለች፤ አንገቷም ባዶውን ይቀራል። ዛሬ አባባሉን የምንሰነዝረው አብዛኛውን ጊዜ በትውስት ልብስ ወይም በዘመድ ሥልጣን ለሚመካ ሰው ነው። ሙሉ ክብደቱ የሚታየኝ ግን ነገሥታት ዙፋናቸውን በባዕድ ጦር ለማስጠበቅ በሞከሩበት ታሪክ ውስጥ ነው።

የባይዛንታይኑን ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አንድሮኒቆስን እንውሰድ። ግምጃ ቤቱ ስለተራቆተ በ1285 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የባሕር ኃይሉን በተነና በኢጣሊያዊቷ ከተማ በጄኖቫ መርከቦች ተማመነ። ወጪው ቀለለ፤ ክንዱም ዛለ። ቱርኮች ትንሿን እስያ ከእጁ ሲነጥቁት በ1303 ሮጀር ደ ፍሎር የሚመራውን የካታላን (በዛሬዋ ስፔን ሰሜን ምሥራቅ ያሉ ሕዝቦች) ቅጥረኛ ጦር ጠራ። ለአዛዡ ከፍተኛ ማዕረግ ሰጠው፤ የእህቱን ልጅም ዳረለት። መጀመሪያ ላይ ወርቁ በእርግጥ አበራ፤ ካታላኖቹ በ1304 ተከባ የነበረችውን ፊላደልፍያን ነፃ አወጡ። ደሞዝ ሲዘገይ ግን የንጉሡን ገበሬዎችና ከተሞች መዝረፍ ያዙ። በ1305 ሮጀር የንጉሡ ልጅና የዙፋን ተጋሪ ሚካኤል 9ኛ በነበረበት በአድሪያኖፕል በእንግድነት ሳለ ተገደለ፤ ገዳዮቹ አላኖችም (መነሻቸው ካውካሰስ የሆነ ተዋጊዎች) የንጉሡ ቅጥረኞች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ካታላኖቹ የሚካኤልን ጦር ድል አድርገው ከቁስጥንጥንያ በስተምዕራብ ያለችውን ጥራክያን ለሁለት ዓመት ያህል አወደሙ፤ ኋላም ወደ ደቡብ ወርደው በ1311 አቴንስን የራሳቸው አደረጉ። የጥራክያ ገበሬ ምን አጠፋ? ከጠላት እንዲጠብቁት ግብር የከፈለላቸው ሰዎች ናቸው ቤቱን ያቃጠሉበት። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አባባሉ ታዲያ እርዳታ የተቀበለን ሁሉ አይነካም፤ የሚነካው የራሱን ጥሎ በትውስት የቆመውን ነው። ከሰሜን አውሮፓ መጥተው የባይዛንታይን ነገሥታትን በታማኝነት የጠበቁትን የቫራንጂያን ዘቦችን አንሥቶ የሚሞግተኝ ቢኖር ደግ አደረገ እላለሁ። በ988 ገደማ የኪየቩ ገዥ ቭላድሚር ስድስት ሺህ ያህል እንዲህ ያሉ ተዋጊዎች ለባይዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ ባሲል ላከለት፤ ዓመፀኛውን ባርዳስ ፎካስን ያሸነፈው በእነርሱ ረዳትነት ነው። ባሲል ያን ጊዜ እንደ አንድሮኒቆስ ተጨንቆ ነበር፤ ነገር ግን እርዳታ አገኘሁ ብሎ አልተኛም። የአገሩን ጦር አጠናክሮ፣ ራሱ እየመራ ለዓመታት ዘመተ፤ በ1025 ሲሞትም ግምጃ ቤቱን ሙሉ አድርጎ ተወ። ቫራንጂያኖቹም ለትውልዶች የንጉሠ ነገሥቱ ዘብ ሆነው ቆዩ፤ በ1204 የመስቀል ጦረኞች ቁስጥንጥንያን ሲያጠቁ ከተማዋን ከተከላከሉት መካከል ነበሩ።