ሂስቶን አሴቲሌሽን ምንድን ነው?

በአንድ የሰው ህዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ይህ ሁሉ በዓይን በማይታይ ኒውክለስ ውስጥ የሚታጨቀው፣ ሸማኔ ማጉን በቀሰም ላይ እንደሚያጠነጥነው፣ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ነው። አንዱ ቀሰም 8 ሂስቶኖች ተሰባስበው የሚሠሩት ሲሆን 147 ያህል ጥንድ የዲኤንኤ ፊደላት ይጠመጠሙበታል፤ ሁለት ዙር እንኳ አይሞላም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ የተጠመጠመ ጂን በቀላሉ አይነበብም። የጉበት ህዋስ የሚፈልገውን ጂን ፈትቶ የማይፈልገውን ጠምጥሞ ማቆየት አለበት። ያው ዲኤንኤ ያለው የአንጎል ህዋስ ደግሞ የራሱን ይመርጣል።

ክሩን ከቀሰሙ ጋር ከሚያጣብቁት ነገሮች አንዱ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ዲኤንኤ ኔጌቲቭ ነው፤ ከሂስቶኖቹ ወጣ ብለው የሚንጠለጠሉት ጭራዎች ግን ላይሲን የተባለ ፖዘቲቭ አሚኖ አሲድ ይበዛባቸዋል። ኤንዛይሞች አሴቲል የምትባል ትንሽ የኬሚካል ቅንጣት ላይሲኑ ላይ ሲለጥፉ ፖዘቲቭ ቻርጁ ይጠፋል፤ አያያዙም ይላላል፤ ጂኑን የሚያነቡት ፕሮቲኖች መግቢያ ያገኛሉ። አሴቲሌሽን ማለት ይኸው መለጠፍ ነው። ሌሎች ኤንዛይሞች መጥተው ሲነቅሏት ጥምጥሙ መልሶ ይጠብቃል። ከዲኤንኤው አንድም ፊደል አልተለወጠም።

መላላቱን ብቻ ማውራት ግን ነገሩን ከግማሽ ማቆም ነው። አሴቲል ምልክትም ናት፤ ብሮሞዶሜይን የሚባል ክፍል ያላቸው ፕሮቲኖች ለይተው ይይዟትና ሌሎች አጋዦችን ይጠራሉ። ላይሲን ላይ የሚለጠፍ ሜቲል የሚባል ሌላ የኬሚካል ቅንጣትም አለ፤ የእሱ ነገር ይህን ይበልጥ ያሳያል። ሜቲል የላይሲኑን ቻርጅ አያጠፋም፤ ሥራው የሚወሰነው በተለጠፈበት ቦታ ነው። ኤች3 በተባለው ሂስቶን 4ኛ ላይሲን ላይ ሦስት ሜቲል የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በሚሠሩ ጂኖች መነሻ ነው፤ 27ኛው ላይ ከሆነ ግን ጂኑ ዝም ማለቱን ያመለክታል። (ምልክቱ መንስኤ ነው ወይስ ውጤት? ክርክሩ ገና አልተዘጋም።)

አሴቲሌሽን ከጂን መነበብ ጋር እንደሚያያዝ ቪንሰንት ኦልፍሬይና ባልደረቦቹ የጠቆሙት በ1964 እ.ኤ.አ. ነበር። የዴቪድ አሊስ ቡድን ቴትራሃይሜና ከተባለች ባለ አንድ ህዋስ ፍጡር ለጣፊውን ኤንዛይም ለይቶ ከጂን ማብራት ጋር ያገናኘው ግን በ1996 ነው። በ2006 አሜሪካ ለአንድ ዓይነት የቆዳ ሊምፎማ (የካንሰር ዓይነት ነው) የፈቀደችው ቮሪኖስታት አሴቲልን የሚነቅሉትን ኤንዛይሞች የሚያግድ መድኃኒት ነው። ለሚጥል በሽታ ለዓመታት ሲታዘዝ የኖረው ቫልፕሮይክ አሲድም እነዚሁኑ እንደሚያግድ የታወቀው በ2001 ነው፤ ያኔ ስንት ሰው ሲውጠው ኖሯል።